ለሙሽራዋ የመረጥኳቸው ቀጫጭን መጻሕፍት

መጋቢት 6

ግቢውን ውሃ ረጨሁት። ዳር ደርሼ ስመለስ መጀመሪያ የረጨሁት ደርቋል። የጠፍር አልጋዬን ከኒሟ ዛፍ ሥር አውጥቼ ጋደም አልኩ። ቅጠሉ መሀል ትንሽ ሰማይ ይታያል... ብዙ አየሁት መሰለኝ፤ ስነሣ የዐስር ሰላት አልፎ ነበር።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀኑ እንዲህ ነው የሚሄደው። ነጭ ቶብ ተከናንቦ መዋል። ሽቶ የለም፣ ኩል የለም፣ ከበር መውጣት የለም። መስታወቱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። መጂድ ቢያየኝ በሣቅ ይሞት ነበር። "ኢቅባል ዝም ብላ ተቀመጠች? የኦምዱርማን ሰው ይህን ያምናል?" ይለኝ ነበር። አላህ ይዘንለት።

ዛሬ ጎረቤቴ በቱል በግንባችን መሀል ያለችውን ትንሿን በር በምስማር መታቻት። ወደዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ ያቺ በር ተቆልፋ አታውቅም። ጨው ሲያልቅብን በእሷ፣ ወሬ ሲገኝ በእሷ፣ ተጣልተን እንኳ ስድባችንን ይዘን የምንገባው በእሷ ነበር። አሁን ግን የበቱል ልጅ ተስኒም ለሠርጓ ቤት ተቀምጣለች። ሙሽራ ሐዘንተኛ ማየት የለባትም። ካየች ማሕፀኗ ይዘጋል ይባላል።

"እንዳትቀየሚኝ ኢቅባል" አለችኝ በቱል ከወዲያ ማዶ፣ መዶሻዋን ሳታቆም።

"ምን ያስቀይመኛል? ምስማሩን ግን አጣመምሽው መሰለኝ፤ ድምጹ ልክ አይደለም።"

"አንቺ ደግሞ በግንብ አሳልፈሽ ታያለሽ!"

ሣቅን። ከዚያ እሷም ሄደች። ተስኒም "ኻልቲ"፣ አክስቴ፣ እያለችኝ በዚያች በር ስትገባ ስትወጣ ነው ያደገችው። እኔ ልጅ የለኝም... ምስማር ሲመታ የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ለበቱል ግን አልነገርኳትም።

መጋቢት 9

በቀትር ተኝቼ ነበር። ሹክሹክታ ሰማሁ። ሕልም መሰለኝ።

"ኻልቲ ኢቅባል... ኻልቲ! ነቅተሻል?"

"ተስኒም? እናትሽ ብትሰማ ትገድልሻለች።"

"ተኝታለች። ደግሞ የተከለከለው ማየት ነው እንጂ ማውራት አይደለም።"

ይቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረባት።

እየሣቀች ጀምራ እያለቀሰች ነገረችኝ። እጮኛዋ ሙዓዝ የሚሠራው ዶሓ ነው፤ የሚተዋወቁት በስልክ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተነጋገሩ ቀን "ምን ትወጃለሽ?" ቢላት "ማንበብ" አለችው። ለምን? እናቱ "ልጄ ሳያነብ እንቅልፍ አይወስደውም" እያለች ሰፈሩን ሁሉ አዳርሳ ስለነበረ። አሁን በየቀኑ ነው የሚጠይቃት። የድሮዎቹን አጫጭር ታሪኮች ታውቂያቸዋለሽ? ከእነሱ የትኛውን ትወጃለሽ? እሷ ደግሞ "ሁሉንም" ትለዋለች።

"አንድስ አንብበሻል?"

"የሻምፖ ጀርባ ይቆጠራል?"

"ተስኒም!"

"ምን ላድርግ ኻልቲ፣ ሁለት ገጽ ሳልሄድ ዐይኔ ይከደናል። እስከ ሠርጉ የሚያልቁ ስጪኝ። አጭር። በጣም አጭር። ግን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን። ካወቀብኝ እኮ እናቱ ዕድሜ ልኬን 'ዋሽታ የገባች' ነው የምትለኝ። እሱስ ምን ይለኛል?"

መልስ ሳልሰጣት በቱል አሳለች። ልጅቷም ጠፋች።

ስንት ዓመት ሴት ልጆችን ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ፣ የግንቡን ማዶ ልጅ የሻምፖ ጀርባ ስታነብ አሳደግኳት ማለት ነው?

መጋቢት 10

የእንግዳ ክፍሉን መደርደሪያ ከፈትኩ። መጂድ ከሞተ ወዲህ አልነካሁትም። አቧራው ጣቴ ላይ ቀረ።

አንብቦ ለማያውቅ ሰው ምን ይሰጣል? ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። አንዱን አነሣለሁ... ይሄ ሲጀምር ያምራል፣ መሀሉ ግን ለጥናት ነው። ሌላውን አነሣለሁ... ይሄን የሚወደው ሞት ያየ ሰው ነው፣ ለእሷ ገና ነው። ቀጭን መጽሐፍ ሁሉ አጭር አይደለም። አንዳንዱ አሥር ገጽ ሆኖ ዓመት ይፈጃል። ወፍራም ሆኖ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅም አለ፤ ግን ይህን ለተስኒም ማን ይነግራታል? ውፍረቱን ስታይ ትሸሻለች።

በመጨረሻ ፋኖሱን የሚመልሰውን ሰው ታሪክ መረጥኩ። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ለአንድ ምሽት ፋኖስ ይዋሳል። ሊመልስ ሲወጣ መንገድ ላይ አንዲት ሴት "ጨለመብኝ፣ ቤቴ አድርሰኝ" ትለዋለች። ያደርሳታል። ሲመለስ ሌላ ሰው ያገኛል። እሱንም ያደርሳል... እንዲህ ሲል ዕድሜው ይገፋል። ከባድ ቃል የለውም፤ ዐረፍተ ነገሩ አጫጭር ነው። ለጀማሪ የሚሆን እንዲህ ያለ ነው፣ ሲያነቡት የሚቀል፣ ሲዘጉት የማይተው።

በጨርቅ ጠቅልዬ በግንቡ ላይ ወረወርኩት።

"ወይኔ ራሴን!" አለች ከወዲያ።

ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ነው የጀመራት።

መጋቢት 14

"ኻልቲ፣ ሰውዬው ጅል ነው።"

"ለምን?"

"ፋኖሱን ሰው አይልክም? እሱ ራሱ ካልሄደ ሞቼ እገኛለሁ ይላል እንዴ!"

"የገባሽ ይሄ ብቻ ነው?"

ዝግ ባለ ድምጽ፣ "ትናንት ስተኛ ግን አየሁት። ጨለማው ውስጥ መብራቷ ብቻ እየሄደች..."

አልመለስኩላትም። እንዲህ ሲሆን አስተማሪ ዝም ማለት አለበት፤ ይህን ለመማር ግማሽ ዕድሜዬን ፈጅቶብኛል።

ለሙዓዝ ነግራው ኖሯል። "እሱንማ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው" አላት። ልቧ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ይህን ታሪክ ባታነበው ኖሮ ዛሬ ተዋርዳ ነበር። "ሌላ ስጪኝ፣ ቶሎ! ነገ ስለ ሌላው ቢጠይቀኝስ?" ትለኛለች።

መጋቢት 17

መጽሐፉ ተመልሶ መጣ።

ጨርቁን ስፈታ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? ተስኒም የምታነበው ጢስ ስትሞቅ ነው። ጉድጓዱ ላይ ተቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ጭንቅላቷና መጽሐፉ ብቻ ወጥተው። ገጹ ሁሉ የግራር ጢስ፣ የሰንደል፣ የቅባት ሽታ ይዟል። ጠርዙ ላይ ጢስ የሞቀ ጣቷ ቢጫ አሻራ አለ። ሙሽራ እቤቴ የገባች መሰለኝ።

ለእኔ ሽቶ አይፈቀድም። ሽቶ አልተቀባሁም። መጽሐፍ ነው ያሸተትኩት። መጽሐፍ ማሽተት ኃጢአት ነው?

ደረቴ ላይ አድርጌው ተኛሁ። ሠርጌን አየሁ። መጂድ ወጣት ነው፣ ጫማው ጠብቦት እያነከሰ ይጨፍራል... ስነቃ መግሪብ ይጠራ ነበር። ከስንት ቀን በኋላ ደስ ብሎኝ ነቃሁ።

መጋቢት 22

የመጂድ እህት ዐዋጢፍ መጣች። ሐዘኔን በደንብ እንደተቀመጥኩ ልታይ ነው የምትመጣው፤ አላወቅኩም መስሏታል። ገና ሳትቀመጥ አፍንጫዋ ሥራ ጀመረ።

"ምን ይሸታል?"

"መጽሐፍ።"

"መጽሐፍ እንደ ሙሽራ ይሸታል እንዴ?"

"ጥሩ መጽሐፍ ከሆነ..."

ትራሴን አነሣች። አልጋው ሥር አየች። ከዚያ መጽሐፉን አንሥታ አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው፣ ሦስተኛ ስታሸተው ዐይኗን ጨፈነች። አስቀምጣው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረች። ስትሄድ ግን በር ላይ፣ "አጭር ነው?" አለችኝ።

መጋቢት 27

ሁለተኛው የሁለቱ ዳኞች ታሪክ ነበር። አንዱ ዳኛ የሚፈርደው ጠዋት ብቻ ነው፣ ሌላው ማታ ብቻ። የአንድ ሰውዬ ጉዳይ ከጠዋቱ ወደ ማታው፣ ከማታው ወደ ጠዋቱ ሲመላለስ ሰውዬው መንገድ ላይ ጓደኛ አፍርቶ፣ አግብቶ፣ ክሱን ይረሳዋል። የመረጥኩላት የሣቀ ሰው መጽሐፍ ስለማይፈራ ነው።

ሣቋ በግንቡ አልፎ መጣ። በቱል፣ "ምን ሆንሽ አንቺ? ጢሱ አናትሽ ላይ ወጣ?" ስትላት ሰማሁ።

ሥራው ሠምሯል። አሁን እኔ ሳልጠይቃት፣ "ያቺ የተከሳሹ ሚስት ግን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር አይደል?" ትለኛለች። አዎ ታውቅ ነበር። እኔ ይህን ያየሁት በስንተኛው ንባብ ነው? ቀናሁባት።

ሚያዝያ 3

መጂድን በሕልሜ አየሁት። ከግንቡ በር ላይ ቆሞ ምስማሩን በጥፍሩ ይነካካል። "ክፈትልኝ" አላለኝም... ዝም ብሎ ይነካካል።

ሚያዝያ 7

ሦስተኛውን ላክሁ።

ወንዝ ዳር ስለምትጠብቀዋ ልጅ ነው። እጮኛዋ ሩቅ አገር ነው፤ በመንገደኞች አፍ መልእክት ይላላካሉ። እሷ ዘፋኝ ነኝ ትለዋለች፣ ፈረስ እጋልባለሁ ትለዋለች፣ ያልሆነችውን ሁሉ ትልክለታለች። ጀልባው የደረሰ ቀን እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ "እጮኛዬን አይተሻል?" ይላታል። እሷም ቀና ብላ አይታው፣ "አላየሁም" ትለዋለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

ከአጫጭሮቹ ሁሉ እንደዚህ ያለ የለም። ግን ለምን አሁን? ለምን ለእሷ? አስቤበት ነው? እውነቱን በራሷ ታግኘው ብዬ ነው... ወይስ በየማታው ከወዲያ ማዶ እልልታ ሲለማመዱ እየሰማሁ ቀንቼ? ሁለቱም ይመስለኛል። እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ አሳፈረኝ።

ሚያዝያ 10

ልጅቷ ምሳ አልበላችም አሉ። እራትም።

ሚያዝያ 11

በቱል በመንገዱ ዞራ በትልቁ በር መጣች። በትልቁ በር! እንደ እንግዳ። መጽሐፉን አልጋዬ ላይ ጣለችው።

"ኢቅባል፣ አንቺን እንደ እህቴ ነው የማይሽ። ግን ይሄ ለሙሽራ ይሰጣል? 'አላየሁም' የምትለዋን?"

"ተስኒም ነገረችሽ?"

"ተስኒም ምን ትነግረኛለች፣ አፏን ዘግታ ታለቅሳለች እንጂ! ሽፋኑ ላይ ጀልባውን ሳይ ነው ያወቅኩት።"

"አንቺ... እንዴት አወቅሽው? አንቺ እኮ ፊደል..."

"ፊደል አልቆጠርኩም። ጆሮ ግን አለኝ! በዚህ ግቢ ሁልጊዜ ማታ ማታ ለመጂድ ስታነቢለት ከግንቡ ወዲያ ማን የተኛ ይመስልሻል? ጎርፉ የመጣ ዓመት ነው ይህን ያነበብሽው። ያን ጊዜ ተስኒምን እርጉዝ ነበርኩ፤ አልቅሼ አልቅሼ ባሌ ሆስፒታል ሊወስደኝ ተነሥቶ ነበር።"

ከዚያ ድምጿ ወረደ።

"ሰውን አትጠይቂም እንዴ ከመላክሽ በፊት? እኔን ብትጠይቂኝ የጨረቃ ሌቦቹን እነግርሽ ነበር። ለሙሽራ የሚሆን እሱ ነው። ሠርግ ላይ ነው የሚያልቀው።"

ትክክል ነች። የጨረቃ ሌቦቹ ነበር መሄድ የነበረበት።

ሚያዝያ 12

ሙሉ ቀን ይህንኑ አስባለሁ። የማነበው ለመጂድ ነው ብዬ ነበር። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ "ከዚያስ?" ይለኛል። እኔም ድምጼን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጎረቤት እንዳልረብሽ። ጎረቤቱ ደግሞ አልጋውን ወደ ግንቡ እየሳበ... በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ "ድምጽሽ አልደረሰኝም" ብላኝ አታውቅም። ለምን? አፍራ ነው? ባታነብ ባትጽፍም፣ ካስተማርኳቸው ሁሉ ብዙ ታሪክ ያላት እሷ ናት።

ሚያዝያ 15

ቀትር ላይ ድምጿ መጣ። ጎርንኗል።

"ኻልቲ፣ ልነግረው ነው።"

"ማንን? ሙዓዝን?"

"መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ሌላ ሰው የሚፈልግ ከሆነ... እኔ 'አላየሁም' ማለት አልችልም ኻልቲ። አብሬው ልኖር ነው እኮ።"

በቱል ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ጩኸቱ ሰፈሩን አናወጠው። "ጥሪው ተበትኖ! በግ ተገዝቶ! አሁን ውሸታም ነኝ ልትይው? እናቱ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ሠርጉ ቢፈርስ እኔ በየት በኩል ነው የምወጣው?"

"እማ፣ እኔስ? እኔ በየት በኩል ነው የምገባው?"

"ኢቅባል! አንቺው ነሽ ያመጣሽው፤ አንቺው ተናገሪ!"

ሁለቱም የእኔን መልስ ጠበቁ። ግንቡን አያለሁ። መጽሐፍ መምረጥ ሌላ፣ ለሰው ልጅ ኑሮ መምረጥ ሌላ። ምን ልበል? "ንገሪው" ብዬ ቢተዋትስ? "ተዪው" ብዬ ዕድሜዋን ሙሉ ብትሳቀቅስ?

"እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም" አልኩ። "ፋኖሱን ግን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ድምጽሽን ይስማው። ከዚያ የመጣልሽን ተናገሪ።"

በቱል በሩን ድርግም አድርጋ ገባች።

ሚያዝያ 17

አነበበችለት። መጽሐፉን መልሼ በግንቡ ወርውሬላት፣ በስልክ ቀድታ ላከችለት። እኔም ከግንቡ ሥር ተቀምጬ ሰማሁ... ስትሰናከል፣ ቃል ስትደግም፣ ትንፋሽ ሲያጥራት። ተማሪዎቼ እንዲህ ሲያነቡ እቆጣ ነበር። ዛሬ ከዚህ የሚያምር ንባብ የሰማሁ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አለችው፦ "ሙዓዝ፣ ካንተ ጋር እስካወራ ድረስ አንድም መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም። ዋሽቼሃለሁ። ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።" ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ሰውየው ሸምግሎ ፋኖሱን ይዞ ጎረቤቱ በር ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የስልኳም ባትሪ ሞተ። በየገጹ እየቀዳች የላከችው ሄዷል፤ መጨረሻው ብቻ ሳይቀዳ ቀረ።

"ምን ላድርግ ኻልቲ?"

"ዋናውን ብለሽዋል።"

ሚያዝያ 18

ሰምቶታል። መልስ የለም።

ሚያዝያ 19

የለም። ወዲያ ማዶ ከበሮ አልተመታም። ልጃገረዶቹ መጥተው በር ላይ ተመለሱ። ሰማዩ በአቧራ ቀልቷል፤ ፀሐይዋ ቀን ለቀን ጨረቃ ትመስላለች።

በቱል በግንቡ አናት ላይ፣ "ጸልዪልን እንኳ አልልሽም" አለችኝ። ይሄ ከስድብ ይብሳል።

የእኔ ጥፋት ነው። መጽሐፍ እንደ ክኒን አይታደልም፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ልጅቷ የፈለገችው አጭር ነገር ነበር። እኔ ደግሞ...

ሚያዝያ 20

የጠዋት ሻይ እያፈላሁ ነበር። ግንቡ በጥፊ ተመታ።

"ኻልቲ! ኻልቲ፣ መለሰ! አብረን እንስማ፣ ብቻዬን አልችልም!"

ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ተውኩት። በቱልም ከወዲያ መጥታ ቆማለች፤ ጫማዋን ሰማሁት።

የሙዓዝ ድምጽ ወፍራም ነው፤ ከጀርባው የመኪና ጩኸት አለ። ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ፣

"ተስኒም... ከዚያስ? በሩን አንኳኳ። ከዚያስ? ማን ከፈተለት? ጎረቤቱ በሕይወት አለ? ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ላይ እያሰብኩት ነው።"

አለቀ። ያለው ይህን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገባት በቱል ናት።

"ሁለቴ አንብቤዋለሁ አላለም? በቃሌ ነው አላለም እንዴ?"

"ብሎ ነበር" አለች ተስኒም።

"ታዲያ መጨረሻውን አያውቀውም! አንቺ... አያውቀውም እኮ!"

እንዲያ ሣቀን አናውቅም። በቱል መሬት ላይ ተቀመጠች መሰለኝ፤ ሣቋ ከታች በኩል ይመጣል። "ውሸታምና ውሸታም! አላህ አገናኝቷችሁ!" ትላለች። ተስኒም ስትሥቅ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም እንደዚያው።

ከዚያ የቀረውን አነበበችለት። ማን በሩን እንደከፈተ እዚህ አልጽፈውም፤ አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ 25

በቱል መጣች። በትልቁ በር ነው፣ ግን ዛሬ የተጠበሰ ዓሣ ይዛ። ከበሮ ለመምታት ፈቃድ ልትጠይቀኝ ነው፤ ሐዘን ያለበት ጎረቤት ሳይፈቅድ አይመታም።

"እስኪቀደድ ምቱት" አልኳት።

እጄን ይዛ ቆየች። የጨረቃ ሌቦቹን ሰጠኋት። ከዚህ ወዲያ ለሙሽራዋ የሚመርጠው ማን እንደሆነ ተግባብተናል።

ሚያዝያ 29

ሠርግ። አልሄድኩም፤ አይሄድም። ከኒሟ ሥር ተኝቼ ሰማሁት። ከበሮው ልቤ ላይ ይመታል። ዐዋጢፍ ካጠገቤ ተቀምጣ እግሯ ብቻ ይጨፍራል።

አንድ ጊዜ ዘፈኑ ቆመ። ተስኒም ከግንቡ ወዲያ፣ "ኻልቲ፣ ቀይ ለብሻለሁ። እጄ ላይ ሂናው እስከ ክንዴ ነው። እሱ ረጅም ነው፣ ትንሽ ይፈራል" አለችኝ። ዐይኔን ጨፍኜ አየኋት። "አምሮብሻል" አልኳት። አምሮባት ነበር።

ግንቦት 13

ወደ ዶሓ ሄደች። ሻንጣዋ ውስጥ ስንት ቀጫጭን መጻሕፍት እንዳሉ የሚያውቁት የአየር መንገዱ ሰዎች ናቸው። መደርደሪያዬ ላይ ክፍተት አለ... አያስከፋም።

ግንቦት 29

ዛሬ ሐዘኔን ጨረስኩ። ዐዋጢፍ ይዛኝ ወደ አባይ ወረድን። ፊቴን ታጠብኩ። ውሃው ገና ጥቁር አልሆነም፤ ክረምቱ ግን ከሩቅ ይሸታል። ሰው ሁሉ በጣም ይፈጥናል። መኪኖቹ... ተቀምጬ በነበርኩበት ጊዜ የበዙ መሰለኝ። ከሽቶ ሻጭ ትንሽ ሰንደል ገዛሁ። እቤት ስገባ መስታወቱን አዞርኩት። አረጀሁ፤ ግን ያለሁት እኔው ነኝ።

መግሪብ እንደሰገድኩ ከግንቡ በኩል መንቃቃት ሰማሁ። ምስማር እየተነቀለ ነው። በሯ ተከፈተች። በቱል ቆማለች፤ ጸጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ፣ በአንድ እጇ መዶሻ። ከኋላዋ ቤቷ ጨለማ ነው። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ መብራት የምታበራው ዘግይታ ነው።

"የልጅቷ ጉዳይ አልቋል። አሁን የእኔን ስሚ" አለችኝ። ሳትቀመጥ ነው የምታወራው። "መጂድ የታመመ ማታ የምታነቢው ነበር። የቀይ ባሕሩ ነጋዴ፣ ልጁን ፍለጋ የሚሄደው። መርከቡ ላይ ወጣ... ከዚያ መጂድ ሳል ጀመረው፣ አንቺም አቆምሽ። ሐዘን ላይ ነሽ ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ። ሰው ቢሞትም፣ ኢቅባል፣ እኔ እዚያ መርከብ ላይ ነኝ። ልጁን አገኘው?"

የዚያን መጽሐፍ ጀርባ ሳይ ዐይኔን እየመለስኩ ነው እስከ ዛሬ መደርደሪያው ፊት የቆምኩት። ለሰው ስመርጥ እንኳ እጄ ሲያልፈው ቆይቷል።

"አላውቅም" አልኳት። "እኔም እኮ አልጨረስኩትም።"

አየችኝ። መዶሻዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ግቢዋ ተመልሳ የጠፍር አልጋዋን እየጎተተች በበሯ አስገባች፤ አንድ እግሩ ተጣብቆ ሁለታችንም ገፋነው። ከእኔው አልጋ ጎን አደረገችው።

"እንግዲያው አብረን እንወቀው" አለች፣ ጋደም እያለች። "ጮክ ብለሽ ግን አንብቢ። ሁልጊዜ ድምጽሽን ትቀንሺ ነበር፤ ስንት ቃል አምልጦኛል።"

መነጽሬን ላመጣ ገባሁ።